የክብር ወንበርና የባለሙያ ሕሊና

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በደብረ ብርሃን ከተማ የቀረበ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ሽልማትና ስለ ማዕረግ ከክርስትና እምነት አንጻር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት እምቢ ለማለት ነበር። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኔ ቅኔ ቤት ያልገባሁ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያልተማርሁ፣ የግንብና የቧንቧ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥ የሚያሳፍር ነው። የጥሪው ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት ግን ቁም ነገሩን ለመረዳት ሳይሆን ከስሜ በፊት «ኢንጂነር» የሚለው ቃል መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነበር። ቃሉ ነበረ፤ እኔም ደስ አለኝ። ስለ ክብር ፈላጊነት እንዲናገር የተጠራ ሰው በጥሪው ወረቀት ላይ ማዕረጉን የሚፈልግ ከሆነ በሽታውን ከሩቅ በወሬ የሚያውቀው አይደለም። እንግዲያውስ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ በሽተኛ መናገር እችላለሁ ብዬ ግብዣውን ተቀበልሁ።

ከመካከላችን የእስልምና እምነት ተከታዮች የሆኑ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። የምናገረው ከራሴ እምነት መጽሐፍ ተነሥቼ ቢሆንም፣ የማነሣው ጉዳይ ሁላችንም በሥራ ቦታችን በየቀኑ የምንጋፈጠው ስለሆነ፣ ንግግሬ ማንንም ከጉባኤው ውጪ እንደማያደርግ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሬን ከተሰበሰብንባት ከተማ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሥፍራ ከሰማይ ብርሃን ታየ በማለት ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው፣ ከተማም ቆርቁረው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። ንጉሠ ነገሥት ነበሩና በራሳቸው ስም ሊጠሩት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ከተማዋን የምንጠራት ባየው ሰው ሳይሆን በታየው ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ይደርሳል። እዚያ ደግሞ የማዕረግ ታሪክ በተራራው ላይ ተጽፎ ያገኛል። የሸዋ ገዥዎች አስቀድሞ መርድ አዝማች ይባሉ ነበር፤ ወሰን ሰገድ ራስ ተባሉ፤ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ተባሉ፤ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በአራት ትውልድ ውስጥ መጠሪያው ከፍ እያለ ሄዶ ከዚያ በላይ የማይወጣበት ደረጃ ደረሰ። ከተራራው ጫፍ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት ግን ዛሬ ከጥቂት የግንብ ቅሪት በቀር የለም። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት፣ ምሰሶውን ያቆሙት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ስማቸው ለእኛ አልደረሰም።

ወደዚሁ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ የሙያ ባልደረባችን መጥቶ ነበር። ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ይባላል፤ በሕንድ የቦምቤይ ጦር መሐንዲስ ነበር። የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ አንኮበር ገባ፤ ጠመንጃና ልዩ ልዩ ገጸ በረከት ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም በ1844 «ሰር» የሚለው ማዕረግ ተሰጠው። ውሉ ግን በተግባር ያስገኘው ፍሬ እጅግ ጥቂት ነበር። ይህን የማነሣው ሰውዬውን ለመንቀፍ አይደለም፤ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ ነው። ሽልማት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራው ሲጠናቀቅ እንጂ ሥራው ሲፈተን አይደለም። ይህን አባባል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማዕረግ ወዳድነት የአንድ ሥርዓት በሽታ ቢሆን ኖሮ ከሥርዓቱ ጋር በጠፋ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ፊታውራሪውም፣ ግራዝማቹም፣ ቀኛዝማቹም ቀሩ፤ በእነርሱ ፈንታ «ጓድ» መጣ። ቃሉ እኩልነትን ለመግለጽ የተመረጠ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ የጓዶች መቀመጫ እንደ ቀድሞው በቅደም ተከተል ተደለደለ፤ ደረቶችም በሜዳይ ተሞሉ። በዘመናችን ደግሞ «ክቡር»፣ «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «አርቲስት» የሚሉት መጠሪያዎች በሠርግ ጥሪ ላይ ብቻ ሳይሆኑ በሐዘን ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ከስም ቀድመው ይሰለፋሉ። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ እውነተኛነት ለማጣራት ዘመቻ መክፈት ግድ ሆኖባቸዋል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። ዕውቀቱን ሳይሆን የዕውቀቱን ምልክት ብቻ የፈለገ ሰው በዝቷል ማለት ነው።

ይህ በሽታ ሌላ ገጽታም አለው፤ እርሱም ንቀት ነው። ክብር ተለክቶ በሚሰጥበት አገር ውርደትም ተለክቶ ይሰጣል። ይህ ደግሞ እኛን መሐንዲሶችን ከማንም ይበልጥ ሊከነክነን ይገባል። በዚህ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርም በመንዝም ዙሪያ፣ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸክላ ሠርታ ምጣድና እንስራ የምታቀርበው «ጠይብ» ይባሉ ነበር። ቃሉ የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው። ጥበብን የሚያመለክተው ስም በእኛ አፍ ስድብ ሆነ። ገበሬው ጠይቡ በሠራው ማረሻ ያርሳል፤ እመቤቲቱ ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሠሪዎቹ ግን ቡዳ ናቸው ተብለው ከገበታም ከጋብቻም ይገለሉ ነበር። በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩት ባለ እጆችም ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ አውራጃ የሚመዘዝ ሲሆን፣ ስድቡም አብሯቸው ተሰዷል።

በዚሁ በአቅራቢያችን በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ነገር በአዋጅ ከለከሉ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠራተኛውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ሙያን እንደሚያጠፋና አገርን ባዶ እንደሚያስቀር አመልክተው ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ከአደባባይ ቢርቅም ከጓዳ ፈጽሞ አልወጣም።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ትናንት በእጁ የሚሠራውን ጠይብ ብለን አዋረድነው፤ ዛሬ በወረቀት የሚነድፈውን ኢንጂነር ብለን ከፍ እናደርገዋለን። ውርደቱና ክብሩ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ይኸውም ሰውን በሥራው ፍሬ ሳይሆን በመጠሪያው መመዘን ነው።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልናገር።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሦስተኛ ዓመቴን እንደ ያዝሁ፣ ከአንኮበር በታች በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ነድፌ እንዳሠራ ተመደብሁ። ሥራው ቀላል ነበር። የምንጩን ዓይን በግንብ መከለል፣ ውኃውን በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ መውሰድ፣ ከማጠራቀሚያውም ለሦስት ቦኖዎች ማከፋፈል ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ቁጥር ነው፤ ምንጩ በሴኮንድ ስንት ሊትር ይሰጣል? ይህም ቁጥር መለካት ያለበት ምንጩ ከሁሉ ይበልጥ በሚደክምበት ጊዜ ነው። እኔ ግን የለካሁት በጥቅምት፣ ክረምቱ ገና በወጣ ማግሥት ነው። ምክንያቱም ምረቃው ለጥር ተቆርጦ ነበር። እንግዶች ሊጠሩ ነው፤ የእምነ በረድ ሰሌዳው ታዟል፤ በሰሌዳው ግርጌም ስሜ እንደሚጻፍ ተነግሮኛል።

ግንቡን የሚሠራው ሰው አባቴ ሊሆን የሚችል ሽማግሌ ነበር። እናቱ ሸክላ ሠሪ እንደ ነበረች፣ በዚህም የተነሣ መንደሩ በሹክሹክታ በምን ስም እንደሚጠራው ከሠራተኞቹ ሰምቼ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ መሠረቱ ሲቆፈር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ኢንጂነር፣ ይህ የክረምት ዓይን ነው። በልግ የቀረ እንደ ሆነ ግንቦትን አይሻገርም። የማይደርቀው ከታች ከሾላው ሥር ነው፤ ዝቅ ይበሉና ይዩት» አለኝ።

ወደ ሾላው መውረድ ማለት ከሦስቱ ቦኖዎች አንዱን መሰረዝ፣ ስሌቱን እንደገና መሥራት፣ ምረቃውንም ማዘግየት ማለት ነበር። እኔም፣ «አንተ ግንብህን ገንባ፤ ልኬቱን ለእኔ ተው» ብዬ መለስሁለት።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ቃላቱን ልብ በሉልኝ። አባቴ የሚሆነው ሰው እኔን «እርስዎ» ይለኛል፤ እኔ እሱን «አንተ» እለዋለሁ። በዚያን ጊዜ ይህ ፈጽሞ አልታወቀኝም። በሹክሹክታ የሰማሁት ስም ለምክሩ በሰጠሁት ዋጋ ላይ ምንም አልቀነሰም ብዬ ብምልም ሐሰተኛ እሆናለሁ።

ምረቃው ደመቀ። ሪባን ተቆረጠ፤ ውኃው በሦስቱም ቦኖዎች ፈሰሰ፤ እልል ተባለ። ለእኔም በመስተዋት ክፈፍ የተሠራ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሽማግሌው ግንበኛ ከዳሱ ውጪ ቆሞ ያይ ነበር። ምስክር ወረቀቱን እዚህ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እናቴ ሰጠኋት፤ እርሷም ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለችው፤ ቡና ለሚጠጡት ጎረቤቶቿ ሁሉ ታሳይ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት በልጉ ቀረ። በግንቦት ሦስቱም ቦኖዎች ደረቁ። ሴቶቹና ልጃገረዶቹ እንደ ድሮው ወደ ወንዝ መውረድ ጀመሩ። በዚያ ሰሞን ተቅማጥ ገብቶ ሕፃናት ታመሙ። የሞተ እንዳለ ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ድፍረት አላገኘሁም። የእምነ በረዱ ሰሌዳ በደረቀው ማጠራቀሚያ ላይ ስሜን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር።

ማንም ሳይልከኝ ሄድሁ። ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኋቸው። ከዚህ በኋላ «እሳቸው» እላለሁ። አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገሩ ባልዲ ይዘው ከሾላው ሥር ወሰዱኝ። በዚያ ደረቅ ግንቦት ውኃው ከድንጋዩ ሥር ይፈልቅ ነበር። እሳቸው ባልዲውን ይዘው፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ አምስት ጊዜ ለካን። ለሁለት ቦኖ ይበቃል። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። «ልጄ፣ ውኃው ይምጣልን እንጂ የእኔ ነገር አያስቸግርም» አሉኝ። አዲሱ መስመር በዓመቱ ተሠራ፤ ምረቃም ሰሌዳም አልነበረውም። እስከ ዛሬ ይሠራል።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ልመለስ። ይህ ነገር ከደረሰብኝ በኋላ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የሰማኋቸውን ታሪኮች በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርሁ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ስለ ባቢሎን ግንብ እናነባለን። ታሪኩ እንደ እኛ የሥራ ዘገባ ነው፤ በድንጋይ ፈንታ ጡብ፣ በጭቃ ፈንታ ቅጥራን መጠቀማቸውን ሳይቀር ይነግረናል። የሥራው ዓላማም በግልጽ ተጽፏል፤ የራሳቸውን ስም ለማስጠራት ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ደግሞ ስለ ባስልኤል እናነባለን። እርሱ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። እግዚአብሔር በስሙ ጠራው፤ ለእጅ ሥራውም የእግዚአብሔር መንፈስና ጥበብ እንደ ተሞላ ይናገራል። እነዚያ ስም ፈልገው ሲሠሩ አንዳቸውም በስም አልተጻፉም፤ ይህ ግን ስም ሳይፈልግ ስሙ ተጻፈ። ጠቢብ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኛ ነን ቃሉን ወደ ስድብ ያወረድነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በናዝሬት ጸራቢ ነበር። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፣ የአገሩ ሰዎች የተሰናከሉት ትምህርቱ ደካማ ሆኖባቸው አይደለም፤ በጥበቡስ ተደንቀዋል። የተሰናከሉት ሙያውንና ቤተ ሰቡን ስላወቁ ነው። ይህን ሳነብ የሾላው ሥር ምንጭ ይታወሰኛል። እኔም የሽማግሌውን ምክር የናቅሁት ምክሩን መርምሬ ስሕተት ስላገኘሁበት አልነበረም፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ስላወቅሁ እንጂ። በጌታ ዘመን በናዝሬት ብገኝ ኖሮ ከየትኛው ወገን እንደምቆም አሁን አውቃለሁ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ ጌታ እርስ በርሳቸው ክብር የሚቀባበሉ ሰዎች ማመን እንደሚቸግራቸው ይናገራል። ቀድሞ ይህ ቃል ስለ ትዕቢት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ጆሮም የተነገረ መሆኑ ይገባኛል። ክብር ፈላጊነት ትልቁ ጉዳቱ ሰውን ማሳበጡ አይደለም፤ ማደንቆሩ ነው። ዓይኑ ከፍ ወዳለው ወንበር ላይ የተተከለ ሰው ከአጠገቡ ዝቅ ብሎ የሚናገረውን አይሰማም። በሌላ ሙያ ይህ የግል ኃጢአት ሆኖ ሊቀር ይችል ይሆናል። በእኛ ሙያ ግን ድልድይ ይሰብራል፣ ውኃ ያደርቃል፣ ሕፃናትን ያሳምማል።

ለዚህም ነው ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ወደ ሠርግ የተጠራ ሰው ከዝቅተኛው ወንበር እንዲቀመጥ ያስተማረው። የዘብዴዎስ ልጆች በቀኙና በግራው ለመቀመጥ በለመኑት ጊዜም በወንበሩ ፈንታ ጽዋውንና አገልግሎቱን አሳያቸው። በመጨረሻው ማታ ደግሞ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። እግር ለማጠብ የግድ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። «ዝቅ ይበሉና ይዩት» ያሉኝ ሽማግሌ ስለ ምንጭ ብቻ ይናገሩ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቃላቸውን ከዚህ ለይቼ ማሰብ አልቻልሁም።

ከመካከላችሁ፣ «እንግዲያውስ ሽልማት ይቅር ማለትህ ነውን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ክብር ለሚገባው ክብርን መስጠት ዕዳ መሆኑን ያስተምራል። መልካም ሥራን አይቶ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም፤ ንፉግነት ነው። የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች የሆኑት ደራሲው ከበደ ሚካኤልና በአንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አገር ደራሲዋንና ሠዓሊዋን ማክበሯ መልካም አደረገች። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበርና እኛ መሐንዲሶች እንደ ጠፋ ባልደረባ ልንቆጥራቸው እንችላለን። ስማቸው ሲጠራ ረዘም ያለ የማዕረግ ሰልፍ ይቀድመው እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ይገባቸዋል አይገባቸውም በሚለው አልከራከርም። ነገር ግን በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ ፀሐይ በዚያ ታላቅ የመስተዋት ሥዕል ውስጥ ስታልፍ ያየ ሰው የሠዓሊውን ማዕረግ አይጠይቅም። የከበደ ሚካኤልም ነገር እንዲሁ ነው። የሸለማቸው ሥርዓት ወደቀ፤ የሽልማት ድርጅቱም ቀረ፤ መጻሕፍታቸው ግን ትውልድ ማስተማራቸውን አላቋረጡም።

ስለዚህ ልዩነቱ በመስጠትና በመፈለግ መካከል ነው። ክብር የምንሰጠው ሲሆን ዕዳ መክፈል ነው፤ የምንፈልገው ሲሆን ግን ጥማት ነው፤ ይህም ጥማት በመጠጣት አይረካም። ክርስትና ራሱ ስለ ሽልማት ዝም አላለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በስውር የሚያይ አባት እንደሚከፍል ተጽፏል። በምዕራፍ 25 ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ ተነግሯል። በዚያ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የተሸለሙት ሰዎች መልስ ነው። ለተራበው ማብላታቸውን፣ ለተጠማው ማጠጣታቸውን ሲነገራቸው መቼ እንዳደረጉት እንኳ አያስታውሱም። ሒሳብ አልያዙም ነበር። እኔ ግን የተሰጠኝን ምስክር ወረቀት ቀኑንና የፊርማውን ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ።

እነሆ፣ ንግግሬ ስብከት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ለማኅበራችን አራት አሳቦች ላቅርብ።

አንደኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ሥራው በተመረቀበት ዓመት አይሁን። ቢያንስ ሦስት በጋ ይለፍበት። ምስክሮቹም ሪባን የቆረጡት ሳይሆኑ በሥራው የሚጠቀሙት ሰዎች ይሁኑ። ቀደም ብዬ ሽልማት ሥራው ሲፈተን አይሰጥም ያልሁት ለዚህ ነው። ካፒቴን ሐሪስም እኔም ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ባልተሸለምን ነበር፤ ይህም ለሁለታችንም በጎ ነበር።

ሁለተኛ፣ በምናሠራቸው ሥራዎች ላይ የስም ሰሌዳ የሚቆም ከሆነ የግንበኛው፣ የአናጢው፣ የብረት ሠራተኛው ስም አብሮ ይጻፍ። ይህ የማይቻል ከሆነ የማንም ስም አይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ከተሳኩ ሥራዎች ዘገባ ጎን ያልተሳካ ሥራ ዘገባ በየዓመቱ አንድ ይውጣ፤ ጸሐፊውም ስሕተቱን የሠራው መሐንዲስ ራሱ ይሁን። አንድ ወጣት መሐንዲስ ከእኛ ሽልማት የሚማረው ሽልማት መፈለግን ነው፤ ከስሕተታችን ግን ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚለካ ሊማር ይችላል። የዛሬው ንግግሬ የመጀመሪያው ሆኖ ቢቆጠርልኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛው ምንም ወጪ የለውም። በሥራ ቦታ በዕድሜ የሚበልጠንን ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ «እርስዎ» እንበል። ለአንድ የቢሮ ኃላፊ በቀላሉ ከአፋችን የሚወጣ ቃል ለአንድ ግንበኛ የሚከብደን ከሆነ፣ ዲግሪያችን ምን እንዳደረገን ከዚያ እንወቅ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ ሽልማት እንደሚሰጥ በመርሐ ግብሩ ላይ አይቻለሁ። ለሚሸለሙት ሁሉ ከልቤ እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። ጭብጨባዬም ከማንም አያንስም። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመድረኩ ሲወርዱ፣ በሥራው ላይ አብሯቸው የደከመውንና ዛሬ ከአዳራሹ ውጪ ያለውን አንድ ሰው ስሙን ያስታውሱ፤ ነገ ጠዋትም ፈልገው ያነጋግሩት።

የእኔ ምስክር ወረቀት ዛሬም በእናቴ ቤት ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። እናቴን ማሳዘን ስለ ፈራሁ ለብዙ ዓመት እውነቱን ሳልነግራት ቆየሁ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ግን፣ ለእናንተ የምናገረውን ለእርሷ መደበቅ አሳፈረኝና ትናንት ማታ ሁሉንም ነገርኋት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያም፣ «ለመሆኑ የግንበኛው ስም ማን ይባላል?» አለችኝ። ነገርኋት። በጸሎቷ ልታስበው ነው።